ሳትንደረደር የምትነሳዋ ዳክዬ

ሐኪሙ የአባቴ የዓይን ሞራ ቶሎ ካልተነሳ ብርሃኑን ሊያጣ እንደሚችል ከነገረን ስድስት ወር አለፈ። አባቴ ግን «ደህና አያለሁ፤ ምላጭ ዓይኔን አይነካም» ብሎ ችክ አለ። ችክ ማለቱን እኔም ወርሼዋለሁና ቤታችን ሰላም የለውም።

እሱ የከተማው ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ ዘበኛ ነው፤ እኔ እዚያው ላብራቶሪ እሠራለሁ። ሰኞ ጠዋት ለምርመራ ውሃ ልቀዳ ስወርድ፣ «ከዳክዬዎቹ መሃል አንዷ እንግዳ ናት» አለኝ።

አየሁ። አርባ ያህል ቡናማ ዳክዬ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

«አባዬ፣ ትናንት እህቴ መስዬህ በስሟ ጠርተኸኝ፣ ዛሬ ዳክዬ ለየሁ ትለኛለህ?»

«እንወራረድ!»

እንግዳ ከሆነች ስለ ሐኪም ትንፍሽ ላልል፣ ካልሆነች በማግስቱ ሊታከም ተወራረድን። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቀጠሮውን እንኳ ወዲያው በስልክ ያዝኩ።

ወፍ የምታጠና ጓደኛዬን ለዳኝነት ጠራኋት። ቴሌስኮፗን ተክላ ግማሽ ሰዓት አፈጠጠች። ዳክዬዎቹ ምንቃራቸውን ክንፋቸው ውስጥ ወሽቀው ተኝተዋል።

«አባባ፣ ሁሉም የተለመዱት ይመስሉኛል» አለች።

«ሲነሱ ነው የምትታወቀው» አለና የብረቱን በር ገፋው። በሩ ሲጢጥ ሲል ዳክዬዎቹ ውሃውን በእግራቸው እየደበደቡ፣ ተንደርድረው ተነሱ። አንዷ ግን ከተቀመጠችበት ቀጥ ብላ ሽቅብ በረረች።

ጓደኛዬ ጮኸች። ወፏ ተመልሳ ስታርፍ ቴሌስኮፑን አነጣጠረችባት። «ምንቃሯ ሰማያዊ ነው! እዚህ ኩሬ ታይታ አታውቅም። እንዴት ለዩዋት?»

«በየጠዋቱ በር ስከፍት እሰማታለሁ። ከሁሉም ቀድማ፣ እግሯ ሳይሰማ፣ ክንፏ ብቻ ፍርር ይላል።»

ለካስ አላያትም፤ ሰምቷት ነው! ተሸነፍኩ። አፌም ተለጎመ፤ እንባዬ መጣ።

«ይምጡ፣ ይዩዋት እንጂ» አለችው ጓደኛዬ።

አጎንብሶ በቀኝ ዓይኑ አየ። በግራውም ሞከረ። ብዙ ቆየ።

«ሰማያዊው የቱ ጋ ነው?»

ቀና አለ።

«ስንት ቀን ትቆያለች?»

«ምናልባት አንድ ወር» አለች ጓደኛዬ።

ወደ እኔ ዞረ። «ዓይኔ ታክሞ እስኪያይስ ስንት ቀን ይፈጃል?»

ተወራርጃለሁና ዝም አልኩ።

«ተናገሪ እንጂ! ፈቅጄልሻለሁ!»

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቀጠሮ አለህ» አልኩት።

«ማን ያዘልኝ?»

«አሸንፋለሁ ያለች ልጅህ።»