ግማሽ ቃል

ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ወደ መርሳ ከተማ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ የገባው ጋሼ ገዛኸኝ ያመጡት ዕለት ነው፤ አገሩ በሙሉ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አይቶታል። ከወልድያ እስከ ግራና ሰው ስልክ መክፈት በቅጡ ሳይለምድ፣ በምስጢር ቃል መዝጋትን ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። በገበያ ቀን የማሽላ ጆንያ ላይ ቆመው፣ «ሰው ሲጎርስ ዓይን እንዳይበላው በነጠላ ትጋርዱት የለም? የይለፍ ቃሉን ሲጽፍም ጋርዱት» ይሉ ነበር። ተሳቀባቸው። ዛሬ በሀብሩ ምድር፣ ሰው ስልኩን ሲነካካ ፊቱን የማያዞር እንደ ባለጌ ይቆጠራል።

በሰልስታቸው ቀን ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማንጎ ነጋዴው ናስር መሐል ተቀምጦ ያወራል። ናስር ካወራ ትንኝ ግመል ታህላለች፤ የእሱን አንድ ማንጎ አራት ሰው በቃሬዛ ይሸከመዋል።

«ጋሼ ከእኔ የደበቁት ነገር የለም» አለ ደረቱን ዳሰስ አድርጎ። «ምስጢራቸው ሁሉ እዚህ ነው።»

የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ ወይንሸት ይህን ሰምተው ተነሥተው መጡ።

«ናስር፣ ኮምፒዩተራቸው አልከፈት ብሎናል። ሃያ ዓመት የጻፉት ትምህርት እዚያው ነው፤ ትምህርት ቤቱ ለአርባቸው አሳትማለሁ ብሏል። ለእኔ የነገሩኝ ቃል ብቻውን አልሠራም። ላንተ የነገሩህ አለ?»

ናስር ወዙ ጠፋ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጋሼ ሱቃቸው ጓሮ ጠርተው አንድ ቃል በጆሮው ነግረውት ነበር። «የቤተ ክርስቲያናችን ሣጥን ባለ ሁለት ቁልፍ ነው፤ ሁለት ሰው ካልተገናኘ አይከፈትም። ግማሹ አንተ ዘንድ ይቀመጥ» አሉት።

«ጋሼ፣ በመርሳ አፉ የማይዘጋ እኔ አይደለሁ?»

«ለዚያ ነው። አንተ ሆድ ውስጥ ምስጢር አድሯል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ብቻ ሰው ፊት እንዳታወጣው።»

«ወላሂ አላወጣውም» ብሎ ነበር። ሚስቱ ሀስና እንኳ አልሰማችውም።

«በል እንጂ ጥራው» አለ ሹፌሩ ግርማ ከኋላ። «እዚህ ነው አላልክም?»

የወረዳው ጆሮ ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ናስር ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን የጋሼን ፎቶ አየና ዋጠው።

«አላውቀውም» አለ። «ስቀጥፍ ነው።»

«ድሮስ» አለ ግርማ። «ማንጎ በቃሬዛ የሚያስጭን ሰው።»

ለቅሶ ቤት ባይሆን ሳቁ ሐራ ድረስ ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ወይንሸት አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ናስር ወደ መሬት እያየ ተቀመጠ።

ለቀስተኛው ሲበተን በጓሮ በር ገባ።

«እትዬ፣ ኮምፒዩተሩን ያምጡት።»

«አላውቅም ብለህ አልነበር?»

«ሰው ፊት አላውቅም።»

እሳቸው የራሳቸውን ግማሽ ሲጽፉ ናስር ወደ ግድግዳው ዞረ። ተራው ሲደርሰው፣ ሳይጠይቃቸው፣ ለሐዘን ያዘቀዘቁትን ነጠላ አውልቀው በሁለት እጃቸው ጋረዱት፤ ፊታቸውንም መለሱ። ናስርም ግማሹን ጻፈ።

ተከፈተ። ወይዘሮ ወይንሸት ነጠላውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

በአርባቸው መጽሐፉ ታደለ። ግርማ አንዱን ይዞ ናስር ማንጎ ደርድሮ ወደተቀመጠበት መጣ።

«አንተ ቀጣፊ፣ ኮምፒዩተሩን ማን ከፈተው ይባላል?»

ናስር አንዱን ማንጎ አንሥቶ በእጀ ጠባቡ ጫፍ ወለወለው።

«እኔ ምን አውቄ።»