የመርጫው ቀይ ጨርቅ

ምራቲቱ ቲማቲሙን ማዳበሪያ ረጭታ፣ አበባውን ረጭታ፣ ወገቧን ይዛ ቀና ስትል ነው ቀዩን ጨርቅ ያየችው። መርጫው ላይ መሆን የነበረበት ጨርቅ ትልቋን ዳሊያ ከድጋፍ እንጨቷ ጋር አስሮ ይዟታል። ያቺ አበባ ራሷ ከብዷት ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የምትጋደም፣ የቤቱ ሰው ሁሉ እንደ ልጅ የሚያባብላት ናት። ምራቲቱ ግን ለአበባዋ ዓይን አልነበራትም። ጨርቁን አየችና ልቧ ስንጥቅ አለ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። እርሻው ትንሽ ነው፤ ከላይ አበባ፣ ከታች አትክልት፣ የሚሠሩበትም አባት፣ ልጅና ምራት ብቻ። በጀርባ የሚታዘሉ ሁለት መርጫዎች አሏቸው፤ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። አንዱ ለፈሳሽ ማዳበሪያ ነው፣ ሌላው ለአረም ማጥፊያ መድኃኒት። እንዳይምታታ ታዲያ የአረሙ መርጫ ማንገቻ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ሕጉን ያወጡት አማቷ፣ ሽማግሌው፣ ናቸው። "ቀይ ያለበትን ከመንገዱ ሣር በቀር የትም እንዳታደርሺው" ይሏታል። "ቲማቲም እንደ አማት ነው፤ ለመቀየም ሽታ ይበቃዋል።" ይህን ይሉና ራሳቸው ይስቃሉ።

እየሮጠች ዕቃ ቤት ገባች። እዚያ የቀረውን መርጫ ከፍታ አሸተተች፤ የማዳበሪያ ግማት ብቻ ነው። ከጀርባዋ ያወረደችውን አለቅልቃ ስታሸት ግን ጉሮሮ የሚይዘው የአረም መድኃኒት ሽታ ብቅ አለ። እርግጥ ሽማግሌው ተጠቅመው ሳያጥቡ አያስቀምጡም። ግን ያ መድኃኒት በአንድ እጥበት ልልቀቅ የሚል አይደለም፣ ቲማቲም ደግሞ ጠብታውንም አይችልም። በጋው ገና መግባቱ ነው፣ ቲማቲሙም ገና ፍሬ መያዙ፤ የዓመቱ ተስፋ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

የቧንቧውን ጎማ ጎትታ ቅጠሉን በውሃ ታጥብ ጀመር። ባሏ ከአበባው መሐል ቀና ብሎ፣ "ምነው ደግሞ? አሁን ረጭተሽው አልነበር?" አላት።

"ሞቆት ይሆናል ብዬ ነው።"

"ቲማቲሙ ሞቀኝ አለሽ?" ብሎ ስቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እውነቱን ብትናገር ምን ነበረበት ትላላችሁ። ነበረበት እንጂ። በቀደም ሽማግሌው ውሃ ከፍተው ረስተው ጎመኑ ሲዋኝ ዋለ። ከዚያ በፊት የዶሮዎቹን በር ሳይዘጉ ቀርተው ሰላጣው አለቀ። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይደጋግማል። "ሌላ ጥፋት ከመጣ እታለም ጋ ይሄዳሉ። አንድ ቀን መድኃኒቱን በውሃ ፈንታ ቢጠጡትስ?" እታለም ታላቅ እህቱ ናት፤ ከተማ ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሽማግሌው አንዴ እዚያ ሄደው መስኮት ሥር ተቀምጠው ነው የሰነበቱት። ሲመለሱ በቤቱ በር አልገቡም፤ ሻንጣቸውን እንደያዙ በቀጥታ ወደ አትክልቱ መደብ ነው የወረዱት። ምራቲቱ ይህን አይታለች፤ እኚህን ሰው ደግሞ ከልቧ ትወዳቸዋለች። ጨርቁን ፈትታ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ወሸቀችው። ዳሊያዋም ተመልሳ ተጋደመች።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የሷ ዝምታ ግን ሆዷ ውስጥ ነቀዘ። ባሏ ሲጠራት ትደነግጣለች፣ ሽማግሌው ወደ ዕቃ ቤት በሄዱ ቁጥር ሰበብ ፈልጋ ትከተላቸዋለች። ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ትነሳና ቅጠል ስትገለብጥ ትገኛለች።

"ምን ጠፋብሽ ልጄ?" አሏት አንድ ጠዋት ሽማግሌው፣ ከኋላዋ መጥተው።

"ትል እንዳለ እያየሁ ነው፣ አባባ።"

እሳቸውም አምነው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጎንበስ ብለው አብረዋት ትል ይፈልጉ ጀመር። ያን ጊዜ አልቅሺ አልቅሺ አላት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መጀመሪያ የረጨችው መደብ ላይ ያለው ቲማቲም ጫፉ እንደ ድመት ጥፍር ተቆልምሞ አደረ። የቀረውና አበባው ደህና ነበር፤ ይህ መደብ ግን አብቅቶለታል። ባሏ መጣና አንድ ቅጠል ቀጥፎ አገላብጦ አየው።

"ይሄ የአረም መድኃኒት ነው" አለ። "የትኛውን መርጫ ነው ያዘልሽው?"

"ጨርቅ የሌለበትን። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማሽተት ነበረብኝ።"

"ጨርቁንስ ማን ፈታው?"

ምራቲቱ ጎንበስ ብላ ሌላ ቅጠል ገለበጠች። ባሏ ወደ አባቱ ዞረ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ይመለከታሉ።

"አላስታውስም" አሉ። እጃቸውን አውርደው፣ "ካላስታወስኩ እንግዲህ እኔ ነኝ።"

"እርስዎ አይደሉም፣ አባባ" አለች ምራቲቱ። አንደበቷ ግን አላገዛትም፤ እሷም እሳቸው ናቸው ብላ ነበርና ጨርቁን የደበቀችው።

"ተይ ልጄ፣ እሱ ልክ ነው። ቲማቲም ሆኖ ነው እንጂ ሰው ቢሆንስ? ደውልላት፣ ለእታለም።"

ባሏ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ፊቱ ጠቁሯል፤ ደስ ብሎት የሚያደርገው አይደለም። ሽማግሌው ወደ ቤት ማዝገም ጀምረው ዳሊያዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ይህቺን ምስኪን ደግሞ ደግፏት" አሉ። "ከወደቀች ቆየች እኮ።"

"እሷንማ ደግፌያት ነበር" አለ ባሏ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ። "ያ ነፋስ የነፈሰ ቀን፣ ገመድ ባጣ ዕቃ ቤት በር ላይ ከተሰቀለው መርጫ ፈትቼ..."

ነገሩ አፉ ላይ ቀረ። ምራቲቱ እጇን ወደ ኪሷ ሰድዳ ጨርቁን አወጣችው። አንዲት ቃል ብትጠይቀው ኖሮ ያን ዕለት የሚያልቅ ነገር ነበር፤ እፍረቱ ጆሮዋን አጋለው።

"ወዲያው ልመልሰው ነበር እኮ" አለ ባሏ። ከስልኩ ውስጥ እታለም "ሃሎ፣ ሃሎ" ትላለች፤ የሚመልስላት የለም። "አባባ፣ እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው ጨርቁን ተቀብለው በእጃቸው አሻሹት።

"እርግጠኛ ነህ? እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎ አይደሉም።"

"እኔኮ" አሉ ሽማግሌው፣ "ስፈታው ሁሉ ታይቶኝ ነበር።"