የሚጡ ወንበር

አናጢው ልጁን ሚጡን ከወንበሩ ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ለቀቃት። እንደ ወትሮው ወደ ጎን አልተንሸራተተችም። አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ከፊቷ ካለው ሳንቃ ላይ አሳርፋ፣ አቤቱታ እንደምትሰማ ዳኛ አየችው።

ወንበሩን የሠራላት ገና ጨቅላ ሳለች ነበር። ተኝታ ሳለች ወገቧን ለክቶ፣ ጠርዙ እንዳይቧጭራት በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሞ አሽቶ። የሥራ ባልደረቦቹ ሳቁበት፤ በዚያው ለሠርጓ የሚሆን አልጋም አትሠራላትም ወይ አሉት። አብሯቸው ሳቀ። መቅናቱን ግን ለማን ይናገራል? ያውም በሚስቱ ጡት። ሚጡ በእሱ ክንድ ላይ እየተንፈራገጠች ትጮሃለች፤ እናቷ እቅፍ ስትገባ ጸጥ ትላለች። ያን ጊዜ ሚስቱ ፈገግ ትላለች፤ ያቺ ፈገግታ አንጀቱን ታሳርረው ነበር። ጡት የእሷ ብቻ ነው። ማንኪያ ግን ማንም ይይዛል።

አንድ ቀን አላስቻለውም። ሚስቱ ወደ ሱቅ ወጣ ስትል ድንች ቀቅሎና አድቅቆ በማንኪያ ጫፍ ሰጣት። ሚጡ በምላሷ ገፍታ መለሰችለት፤ አገጯ ላይ ተዝረከረከ። ሚስቱ ደርሳ ይህንን ስታይ አልተቆጣችም። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ብላ የልጇን አገጭ ጠረገች፤ ነርሷ ያለችውንም አስታወሰችው፦ ስድስት ወር ይሙላት፣ አንገቷ ይጽና፣ ተደግፋ ትቀመጥ፣ ምግብ ስታይ ትጓጓ፣ ምላሷም አፏ የገባውን መግፋት ይተው። ከዚያ ወዲህ እነዚያን ምልክቶች ሲጠብቅ ከረመ።

ስድስት ወሩ ሞላ። ዛሬ ጠዋት ሚስቱ ቁርሷን ስትበላ ሚጡ ማንኪያውን ከሳህን እስከ አፍ በዓይኗ ተከተለች፤ አፏንም አብራ ከፈተች። ሚስቱ አይታ እንዳላየች ሆነች።

«ገና ናት» አለች።

አናጢው ድምጿን ያውቀዋል። የገዛ ራሱን ቅናት ሰማበት፤ ሰምቶም ደስ አለው።

አሁን ሚስቱ በሩን ተደግፋ ቆማለች። አልከለከለችውም። ቀቅሎ ካላመው ድንች ጥቂት በማንኪያ አንስቶ ከሚጡ ከንፈር አደረሰ። አፏን ከፈተች። ፊቷን ጨምደድ አደረገች፤ ምላሷ ግን አልወጣም። ዋጠች። ከዚያ ማንኪያውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው።

አናጢው እንደ ልጅ መዝለል ቃጣው። «አየሽ አይደል?»

ሚስቱ ይበቃታል ብላ ልጅቷን ከወንበሩ አነሳች፤ ተቀምጣም ሸሚዟን ከፈተች። ጡቷ ወተት አግቷል። ሚጡ ለአፍታ ወደ ጡቱ ተጠጋች፤ ወዲያው አንገቷን አዙራ ማንኪያውን ፈለገች፤ እጇንም ወደ አባቷ ዘረጋች።

ሲመኘው የከረመው ይህንኑ ነበር። ሚስቱ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ከንፈሯ አልታዘዝ አላት። ሸሚዟን መልሳ መቆለፍ ጀመረች፤ አንዱ ቁልፍ አልገባ ብሎ አስቸገራት። አናጢው ይህን ማየት አልቻለም። ማንኪያውን አዙሮ እጀታውን ወደ እሷ ዘረጋ።

«እንቺ፣ አንቺ አጉርሻት።»

«አንተን ነው የጠየቀችህ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሚጡ አፏን ከፍታ ትጠብቅ ነበር።