የሻሼ ናሙና

እናቴ በላይነሽ ላም ስታልብ ማንንም አታስጠጋም። "ላም እጅ ትለምዳለች፤ እጅ ከተቀያየረባት ወተቷን ትይዛለች" ትላለች። አባቴ ከፋብሪካው ተቀንሶ ከሞተ ወዲህ በልተን ያደርነው አቃቂ ግቢያችን ውስጥ ባሉት አራት ላሞች ነው። ቀበሌው በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ ባለ ጊዜም የተመዘገብኩት በነሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ወተቱን ገላን ኮንዶሚኒየም ድረስ የማዞረው እኔ፣ አላቢዋ እሷ። ይሄን አክዬ እንኳ ጡት አላስነካችኝም!

ከዚያ በሽታው ገባ። መጀመሪያ የቦራ አንዱ ጡቷ አብጦ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ወተቷም የተበጣጠሰ እርጎ መሰለ። ቀጥሎ ዳለቻ። ቀጥሎ ወርቂቱ። መርፌ ሲወጉ ትንሽ ይሻላቸዋል፣ ተመልሶ ያገረሻል። እናቴ ለላሞቹ መኖ ፋጉሎ በሚሸጥልን በታጁ ላይ ተነሳች። "የሻገተ ሸጦልኝ ነው!" ብላ ሱቁ በር ላይ ቆማ ያልተሳደበችው ስድብ አልቀራትም። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ሰማት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ጤነኛ ሆና የቀረችን ሻሼ ብቻ ነበረች። እሷም ከታመመች ቤቱ አለቀለት ማለት ነው።

ዶክተር ሶሊያና ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ያን ጊዜ ነው፤ ለጥናቷ ብላ የሰፈሩን ላሞች ወተት የምትሰበስብ፣ እርጋታዋ የሚያናድድ ልጅ። ከየላሞቹ ጡት በትንንሽ ብልቃጥ ቀዳች። ጫፉ ላይ ጥጥ በተጠቀለለበት እንጨት ደግሞ የእናቴን መዳፍ ጠረገች። እናቴ ሳቀች። "እኔንም ልታልቢኝ ነው?" አለቻት።

ውጤቱ ወራት ፈጀ። ሶሊያና ቢሮዋ ጠርታ ለብቻዬ ነገረችኝ።

"የሦስቱም ላሞች ባክቴሪያ አንድ ዘር ነው። ዘረመሉን አንብበን ነው ያወቅነው። ከፋጉሎ የመጣ አይደለም። እማማ እጅ ላይ ግን አለ፤ ያው ራሱ።"

"እናቴ ናት ያስያዘቻቸው እያልሽኝ ነው?"

"ከታመመችው ወደ ጤነኛዋ በእጃቸው እያለፈ ነው። የታመመችውን መጨረሻ ይለቡ፣ በየመሀሉ በሳሙና ይታጠቡ። ሻሼ ልትተርፍ ትችላለች።"

ሁለቱም ለእናቴ የማይሆን ነገር ነው። ሳሙና አትነካም፤ ሽታውን ላም ትጠላዋለች ባይ ናት፤ እጇን በውሃ ለቅለቅ አድርጋ ቅቤ ትቀባለች። ደግሞ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከታመመችው ነው። "ሕመምተኛ ወረፋ ይጠብቃል እንዴ?" ትላለች። አንጀቷ አይችልም። ያበጠውን ጡት ቀስ አድርጋ እያሸች፣ "አይዞሽ የኔ እናት" እያለች ታልባትና በዚያው እጇ ወደሚቀጥለዋ ትሄዳለች። ስታዝንላቸው ነው የጨረሰቻቸው።

በዘዴ ልነግራት ነበር፤ እኔና ዘዴ ግን አንተዋወቅም። አመሻሽ ላይ ቦራን አልባ ወደ ሻሼ ስትዞር ደሜ ፈላ።

"ተያት!" ብዬ ጮህኩባት። "ላሞቹን ያንቺ እጅ ነው የጨረሳቸው! ታጁ አይደለም፣ ፋጉሎ አይደለም፣ አንቺ ነሽ!"

የሰማሁትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። እጇን አገላብጣ አየችው። ባልዲውን አስቀምጣ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ በረት አልገባችም።

ምን ላድርግ? እጄን በሳሙና ፈትጌ እኔ ተቀመጥኩ። ሻሼ እጄን አታውቀውም፤ ረገጠችኝ፣ ወተቷን ያዘች። ብጎትት፣ ብጨምቅ፣ ባባብላት የሚወጣው ጠብታ ነው። ጡቷ ተወጠረ፣ ጫፎቹ በኔ ጉተታ ተሰነጣጠቁ። ስትጮህ እናቴ ከቤት ትሰማታለች። ሄጄ ለመንኳት።

"እማዬ፣ በእመቤቴ፣ ታጥበሽ ጓንት አድርጊና እለቢያት።"

"አልነካትም። እንኳን እሷን የራሴን ፊት መንካት ፈርቻለሁ።"

አንዴ ከአፌ ወጥቷል፤ ምን አደርገዋለሁ?

ከቀናት በኋላ ጩኸቱን አልችል ብላ ተነሳች። ቆዳዋ እስኪላጥ ታጥባ፣ ጓንት አጥልቃ ከሻሼ ሥር ተቀመጠች። ሻሼ ድምጿን ስትሰማ ጸጥ ብላ ወተቷን ለቀቀች። መጀመሪያ የወጣው ደም የተቀላቀለበት ቁርጥራጭ ነበር።

"እሷንም ጨርሻታለሁ ለካ" አለች እናቴ። ከዚያ "ይቅር በይኝ፣ ይቅር በይኝ" እያለች እስከ መጨረሻው አለበቻት።

ሶሊያና መጥታ የሻሼን ናሙና ወሰደች። በዚያው የኔንም እጅና አፍንጫ በጥጥ ጠረገች። መድኃኒቱ ለሻሼ አልሆናትም፤ ውጤቱን ስንጠብቅ አራቱም ጡቶቿ ደረቁ።

ሶሊያና የደወለችው የከብት ነጋዴው ኦላና ሻሼን ለሉካንዳ ሊወስዳት በመጣበት ቀን ነው።

"የሻሼ ሌላ ዘር ነው" አለችኝ። "ከእማማ ጋር አይገናኝም። የገጠመው ካንቺ ጋር ነው፤ አፍንጫሽ ውስጥ የሚኖረው በእጅሽ አልፎ በተሰነጠቀው ጡቷ ገብቷል።"

እናቴ ከፊቴ ላይ አንድ ነገር አነበበች መሰለኝ። "የኔው ነው አይደል?" አለችኝ።

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ አልሆነልኝም። "አይደለም እማዬ። ከኔ እጅ ነው።"

ደስ ይላታል ወይ በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ገመዱን ወደሚፈታው ኦላና አየት አደረገችና ድምጿን ቀነሰች።

"አቻምየለሽ፣ ይሄን ለማንም እንዳትናገሪ። የእናቴ እጅ ነው በይ። በሦስቱ የኔ ስም አንዴ ጠፍቷል፤ ከእንግዲህ ላም አልይዝም። አንቺ ገና ትይዣለሽ። እጇ ላም ይገድላል ከተባለ ማን ወተት ይገዛሻል?"

"እማዬ፣ እንዴት ብዬ—"

"ዝም በይ አልኩሽ!"

ኦላና ሻሼን እየጎተተ አጠገቤ ደረሰ። ዝቅ ብሎ ጡቷን አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

"ምን አግኝቷት ነው ለመሆኑ?" አለኝ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"የእናቴ እጅ ነው" አልኩት።