ስድሳ ፌንጣ በአንድ ገንቦ

የየብርጓል ባል አለበል የታሰረው ከጎረቤቱ የሣር ክዳን ውስጥ አንድ የዛገ ጠመንጃ ስለተገኘ ነው። አለበል ጠመንጃ ቀርቶ ጅራፍ ማጮህ እንኳ የሚያፍር ሰው ነበር፤ ጣሊያን ግን ይህን ለማጣራት ጊዜ አላገኘም። ደብረ ማርቆስ ወስዶ ከብዙ ሰው ጋር በአንድ ጠባብ የእህል መጋዘን አጎረው።

ሮብ ገበያ የተሾመው የጣሊያን መቶ አለቃ ከመትረየሱ ይልቅ ፌንጣ ይወድ ነበር። የጮቄ ፌንጣ ክንፉ ጉርድ መሆኑን አይቶ፣ የዚህ ደጋ ፍጥረት ሁሉ፣ ሰውም ጭምር፣ መብረር በደሙ የለም የሚል መጽሐፍ ጀምሯል። የብርጓል ስለ ባሏ ልትለምን ስትመጣ፣ ለመጽሐፉ ማስረጃ የሚሆኑ፣ ገና ክንፍ ያላወጡ ስድሳ ግልገል ፌንጣዎች ከጮቄ ለቅማ፣ አሳድጋ በስድስተኛው ሮብ ካመጣች ባሏን እንደሚያስፈታላት ነገራት። ሰፊ የሽቦ ቤት ሰጥቶም ደጅ እንዲቀመጥ አዘዘ።

የብርጓል ሽቦውን አይታ፣ ፈረንጁ ውርጭን በወሬ ብቻ እንደሚያውቀው ገባት። እሷ ብቅል አብቃይ ናት፤ የሚያድግ ነገር ሙቀትና መጠጋጋት እንደሚሻ ታውቃለች። ስድሳውንም አንድ ገንቦ ውስጥ አጭቃ፣ አፉን በጨርቅ አስራ፣ ምድጃው ጥግ አኖረቻቸው። ጧት ማታ ለጋ ሣር ትመግባቸዋለች። አለበል እንኳ እንዲህ ተቀማጥሎ አያውቅም።

በቀጠሮው ሮብ፣ ለባሏ የመንገድ በሶ ቋጥራ፣ ገንቦዋን አዝላ መጣች። መቶ አለቃው ጨርቁን ፈታ። አንዱ ፌንጣ ረጅም ክንፉን ዘርግቶ በጢሙ አጠገብ አለፈና በመስኮት ወጣ። ሌሎቹም ተከተሉት።

አስተርጓሚው ኃይለ ሚካኤል፣ «ከዓባይ ቆላ ለቅመሽ አታለልሽኝ ይላል፣ እታለም» አላት።

«ከጮቄ ነው፣ አያ። ጉልበቴ እስካሁን ያመኛል።»

«ታዲያ ክንፉን ከየት አመጡት?»

«እኔ ምን አውቄ። ሞቃቸው፣ ተጨናነቁ፣ አወጡ።»

ይህ ሲተረጎምለት መቶ አለቃው ሳቀ። ገንቦ ደም አይለውጥም፤ ባሏም አይፈታም።

የብርጓል በሶዋንና ገንቦዋን ይዛ ገና ከደጃፉ ሳትወጣ፣ ከደብረ ማርቆስ የተላከ ፈረሰኛ ወረቀት ይዞ ደረሰ። እስረኞቹ የመጋዘኑን ግድግዳ ንደው፣ የዘቦቹን ጠመንጃ ነጥቀው ወደ ጮቄ ሸሽተዋል። የመራቸው አለበል የሚባል ሰው ነው። መቶ አለቃው ቀና ብሎ አያት።

ኃይለ ሚካኤል የወረቀቱን ቃል ነገራትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባልሽ ነው ወይ? ብሎ ይጠይቅሻል» አላት።

የብርጓል ከልቧ ግራ ተጋባች። «የእኔው ጅራፍ ማጮህ ያፍራል» አለች።

መቶ አለቃው ከመጽሐፉ ጋር የሚስማማ መልስ ስለሰማ ደስ አለው። ፌንጣዎቹ የቆላ ናቸው ብሎ በማስታወሻው ጻፈ፤ ከሥሩም፣ የሽፍቶቹ መሪ ከሌላ አገር የመጣ መሆን አለበት ሲል አከለ። ሴትዮዋንም እንድትሄድ በእጁ አመለከታት።

የብርጓል ከገበያው ዳር ስትደርስ ቆመች። ባዶውን ገንቦ አየት አድርጋ በሶውን ከውስጡ ጨመረችና፣ የቤቷን መንገድ ትታ የጮቄን ዳገት ያዘች።