ከማሸጊያው ያልወጣው የዋና መነጽር

“ውረድና እንደገና ውጣ” አለችው ስቴይንቮር።

ኡልቫር ግድግዳውን ተደግፎ ከሚዛኑ ወረደ። ወገቡ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አላጎነብስም ብሎታል። እንደገና ወጣ። ቁጥሩ ያው ነው፤ መቶ አሥራ ስምንት። ከሦስት ወር በፊት መቶ አሥራ ስድስት ነበር።

ስቴይንቮር የከተማችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። ከኡልቫር ጋር አንድ ክፍል ስለተማሩ ቃል መርጣ አታወራውም። “አሥር ኪሎ ቀንስ፣ በየቀኑ ዋኝ፤ ያኔ ወገብህም ይለቅሃል፣ ተራራም ትወጣለህ” ብላው ነበር። ተራራው ቀልድ አይደለም። በየዓመቱ ብርዱ ሳይገባ የሸለቆው ገበሬዎች ተራራ ላይ የከረሙትን በጎች ሰብስበው ለማውረድ ሦስት ቀን ይወጣሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያ ጉዞ አለቃ ኡልቫር ነው። አምና ጭጋግ ውስጥ ወገቡ ሲይዘው ልጁ ሶልሩን ብቻዋን ስድስት ሰዓት ደግፋ አወረደችው። ስለዚህ ዘንድሮ ስቴይንቮር ካልፈቀደች አይወጣም ተባለ። ጉዞው ደግሞ ቅዳሜ ነው።

“በየቀኑ ትዋኛለህ?”

“በየቀኑ ዋና እሄዳለሁ።”

“አንድ ቀን አልቀረም” አለች ሶልሩን ከወንበሯ ሆና፣ በኩራት። “እኔ ነኝ የማደርሰው። አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል።”

ኡልቫር ካልሲውን መፈለግ ጀመረ።

ስቴይንቮር አልሳቀችም። ቀልደኛ ሴት ናትና ሳትቀልድ ስትቀር ታስፈራለች። ቁርጭምጭሚቱን ተጫነች፣ አከርካሪውን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ዳሰሰች።

“ሦስት ወር በየቀኑ ዘጠና ደቂቃ ዋኝቶ የወፈረ ሰው አላየሁም” አለች። “ሕመሙም ብሶበታል። እኔ እንጃ፣ ይሄ የክብደት ነገር ብቻ አይመስለኝም።”

“ታዲያ የምንድን ነው?” አለች ሶልሩን።

“ሳይታይ አልናገርም።” ስልክ አንስታ ሆስፒታል ደወለች። ቶሎ የተገኘው ቀጠሮ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

“ቅዳሜ እኮ በጎቹ…” አለ ኡልቫር።

“በጎቹ ገደል ይግቡ!” አለች ሶልሩን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ከተማ “ዋና ሄድኩ” ያለ ሰው ሁሉ ዋኘ ማለት አይደለም። ከመዋኛው ጎን የሙቅ ውሃ ገንዳ አለ። ስምንት ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቀመጥበታል፤ የከተማው ወሬ ሁሉ የሚበስለው እዚያ ነው። ኡልቫር ሦስት ወር ሙሉ ከጓደኛውና ከተራራው ጉዞ ባልደረባው ከኬቲል ጎን እስከ አንገቱ ተነክሮ ሲያወራ ከረመ። ሙቀቱ ለወገቤ ጥሩ ነው ብሎ ራሱን አሳምኗል። ሲወጣ ደግሞ ዋና ያስርባል እያለ በሩ ላይ ሁለት ቋሊማ በዳቦ ይበላል። ሶልሩን የከተማውን ልማድ ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ሐኪም ያዘዘውን ነገር አባቷ እንዲህ ያደርገዋል ብላ ስላልጠረጠረች ነው።

ሶልሩን አባቷን ይዛ እንደ ወትሮው ወደ መዋኛው ነዳች።

“እማዬም ‘ወገቤን ነው’ ነበር ያለችው” አለች ሶልሩን መንገዱን እያየች።

እናቷ ከሞተች አራት ዓመት ሆናት። ወገቤን ካለችበት ቀን እስከ ቀብሯ አሥራ አንድ ሳምንት ነበር።

ኡልቫር ከራሱ ጋር ተሟገተ። እውነቱን ቢናገር አለቅነቱ ቀረ፤ የአገር መሳቂያም ሆነ። ዝም ቢል ግን ቅዳሜ በክብር ይቀራል፤ በታመመ ሰው ማን ይፈርዳል? ሐሳቡ ለአፍታ ጣፈጠው። ወዲያው በራሱ አፈረ።

ሶልሩን መዋኛው ደጃፍ ላይ መኪናውን አቆመች። ስልኳን አወጣች። “ለኬቲል ልንገረው። እኔም አንተም ቅዳሜ አንወጣም።”

እጁን ስልኩ ላይ ጫነ። “ቆይ። አልዋኘሁም።”

“ምን?”

“አንድም ቀን አልዋኘሁም። ሙቅ ውሃው ውስጥ ነበርኩ።”

“ዘጠና ደቂቃ ሙሉ?”

“ዘጠና ደቂቃ።”

ሶልሩን ወደ ኋላ ዞራ ቦርሳውን ጎተተች። ፎጣውን አወጣች። ከሥሩ የገዛችለት የዋና መነጽር ከነማሸጊያው ነበር። ጥቂት አየችውና በጓንቷ ትከሻውን መታችው፤ ደገመችው፤ ከዚያ አለቀሰች።

“ልትሞትብኝ ነው ብዬ እኮ ነው፣ አባዬ!”

“አውቃለሁ።”

“አታውቅም! በል ለስቴይንቮር ራስህ ደውል። እኔ አላፍርልህም።”

ደወለ። ስቴይንቮር እስኪጨርስ ሰማችው።

“አንተ የማትረባ” አለችው። “ምርመራውን አልሰርዝልህም። ሄደህ ትታያለህ፤ ቀኑን ግን ሶልሩን ከተራራ እስክትመለስ ወደ ማክሰኞ አዞረዋለሁ። ተራራውን ዘንድሮ እርሳው።”

“ገባኝ።”

“ዛሬ መዋኛውን ከዳር እስከ ዳር አራት ጊዜ ዋኝተህ ተመለስ። በጣም ሲያምህ ቁም፤ ሲለቅህ ቀጥል።”

ኡልቫር የአለቃውን ፊሽካ ከኮቱ ኪስ አወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት ከዚያ ኪስ ርቆ አያውቅም። “ቅዳሜ አንቺ ምሪ።”

“ኬቲል ይስቃል።”

“የሚስቀው በእኔ ነው።”

ሶልሩን አፍንጫዋን ጠርጋ ፊሽካውን ተቀበለች። ተከትላው ግን አልገባችም።

ታጥቦ ከልብስ መቀየሪያው ደጅ ወዳለው መዋኛ ሲወጣ ነፋሱ እርጥብ ቆዳውን ገረፈው። ሙቅ ውሃው ይተናል። “ኡልቫር! ቦታህን ይዤልሃለሁ!” ብሎ ኬቲል ተጣራ። “ስቴይንቮር ምን አለች? ወገብህ ምን ሆነ ነው የምትለው?”

“ወፍረሃል ነው የምትለው” አለ ኡልቫር፣ ገንዳው ውስጥ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። “ቅዳሜ የምትመራችሁ ሶልሩን ናት።”

ማንም አልሳቀም። ይሄ ከሳቁ ይልቅ ከበደው። ማሸጊያውን በጥርሱ ቀደደና አሮጊቶች በሚዋኙበት መስመር ገባ።

የመጀመሪያው ዙር አንዘፈዘፈው። ሁለተኛው ላይ አንዲት የሰማንያ ዓመት ሴት ሰላም ብላው አለፈችው። ሦስተኛውን ሲጨርስ ወገቡ ስለያዘው ጠርዙን ጨብጦ ቆመ፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ተነፈሰ። ሙቅ ውሃው አራት እርምጃ ነው። ኬቲል ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

ኡልቫር ሕመሙ ጋብ እስኪልለት ጠበቀ። ከዚያ መነጽሩን ወደ ዓይኑ መለሰ።