የእህቴ ማሽን ዘበኛ

እህቴ የምትተነፍሰው በማሽን ነው። ሳንባዋ ከደከመ ወዲህ አልጋዋ አጠገብ የኦክስጅን ማሽን ተቀምጧል፤ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ፣ ድምፁ እንደሚያንኮራፋ ባል። በቀጭን ቱቦ አፍንጫዋ ድረስ አየር ይልክላታል። እኔም የሚያንኮራፋ ባል ነበረኝ፤ የዚህን ሩብ ያህል አልጠቀመኝም።

ሰፈራችን መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ብዙ አይቆይም፣ ኩርፊያው የልጅ ነው። ለዚያች ጥቂት ጊዜ እህቴ ቀና ብላ ዝም ካለች ትችላለች። ሐኪሙም «ጥቂት ብትቆይ አይጎዳትም» ብሎናል፤ ጥቂት ማለት ምን ያህል እንደሆነ ግን አልነገረንም። ለክፉ ቀን ይመጣላችኋል የተባለው የኦክስጅን ሲሊንደርም እስካሁን መንገድ ላይ ነው።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ አመጣጡ የደህና አልነበረም። አምፖሉ ቦግ ብሎ ነጣ፣ ማሽኑ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ከዚያ ዝም። ጠበቅን። ማሽኑ አልተነሳም። የእህቴ ከንፈር መልኩን ሲለውጥ በዓይኔ አየሁ።

ልጇ ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊታችን ነው። ሰፈሩ ችኩሌ ይለዋል፤ ስሙን ያወጣለት ሰው አልተሳሳተም። በመስኮት ጮኼ ጠራሁት፣ እየሮጠ መጣ። ክዳኑን ፈታው። ውስጡ የካፖርት ቁልፍ የምታህል፣ ሁለት ቀጫጭን እግር ያላት ሰማያዊ ነገር ሆዷ ፈንድቶ ጠቁራለች። በፒንሳ ቆርጦ ወለሉ ላይ ጣላት፣ የተቃጠለውን ፊውዝ ቀየረ፣ ማሽኑም ማንኮራፋቱን ቀጠለ። እህቴ ቀስ በቀስ ሰው መሰለች።

መረቅኩት። ምርቃቴን ስጨርስ ወለሉን አየሁ።

«ይቺስ?»

«ተያት አክስቴ፣ ሞታለች።»

«በምትኳ ምን አስገባህ?»

«ምንም። ያለሷም ይሠራል።»

«ያለሷ የሚሠራ ከሆነ ሠሪዎቹ ለጌጥ ነው የሰኳት?»

ሳቀና ነገረኝ። ቫሪስተር ትባላለች። በደህናው ቀን በሯን ዘግታ ቁጭ ነው፣ ሥራ የላትም። ኤሌክትሪኩ በድንገት ሲያብጥ ግን በሯን ትከፍትና ጎርፉን ወደ ራሷ ትስባለች፤ ፊውዙ እስኪበጠስ ድረስ ችላ ትይዘዋለች። ማሽኑ ይተርፋል። ጎርፉ ከከበደ እሷ ትሞታለች።

«ስለዚህ ዘበኛው ሞተ፤ አንተ ሬሳውን አውጥተህ በሩን ወለል አድርገህ ልትሄድ ነው።»

«ነገ አመጣለሁ።»

ነገ አለ። በነጋታውም ነገ አለ። እኔ ዘበኛ ሆንኩ። መብራት በሄደ ቁጥር ብድግ ብዬ ሶኬቱን እነቅላለሁ፤ ሲመጣ አምፖሉ እስኪረጋ ጠብቄ እሰካለሁ። ገበያ ቀረ፣ ለቅሶ መድረስ ቀረ። መጸዳጃ ቤት ስገባ እንኳ በሩን አልዘጋም፤ በዚህ ዕድሜዬ!

እሱ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ እናቱን ሊያይ ይመጣል። አንድ ቀን በሩ ላይ ያዝኩት።

«ለመሆኑ ችኩሌ የሚሉህ ለምንድን ነው? ለሰው ቴሌቪዥን ትሮጣለህ፣ ለእናትህ ትንፋሽ ታዘግማለህ።»

«ዕቃው ጠፍቶ ነው፣ አክስቴ።»

ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። አከከ።

«ደግሞ በእኛ ሙያ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው። ሰው የሚፈልገው ዕቃው እንዲበራለት ነው። በርቶ ካየ ያመሰግንሃል፣ ይሄዳል። ዘበኛ አለው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

«እኔ ጠየቅኩሃ! ስንት ቤት ነው ክፍት ትተህ የመጣኸው?»

እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ሲፈታው አዲሲቱ ሰማያዊ ቁልፍ እግሯን ዘርግታ ተኝታለች። ወረቀቱ ከመታሸቱ ብዛት ጨርቅ መስሏል።

«ከማግስቱ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ናት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

«ልበይዳት ማሽኑን ማጥፋት አለብኝ። እሷ የምትበየድበትን ካርድ ከሆዱ ማውጣት አለ፣ ማጽዳት አለ፤ መብራት ሄዶ እንደሚመጣው አይደለም።» ድምፁ ወረደ። «ያን ቀን ከንፈሯን አይተሻል አይደል? እጄ እምቢ አለኝ፣ አክስቴ።»

አንጀቴን በላው። ያን ቀንም ቆርጦ የጣላት ሙያ ብሎ አይደለም፤ እናቱ ቶሎ እንድትተነፍስለት ነው። እኔ ስንፍና ያልኩት ፍርሃት ኖሯል። ፍርሃት ክፉ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ዳተኛ ይመስላል። ለዳተኛ ስድብ አለኝ፤ ለሚፈራ ሰው ግን ምን እንደሚባል እስከዛሬም በደንብ አላውቅም።

«በእኔ ትንፋሽ ነው በር ላይ የምትማከሩት?» አለች እህቴ ከአልጋዋ።

ገባን።

«እማ፣ እየሠራ እኮ ነው። ባንነካውስ?»

«እየሠራ ነው። አክስትህ ግን ሶኬቱ ሥር በቅላ ልትቀር ነው። ደግሞ አንድ ቀን እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ያን ጊዜ ማሽኑም የለ፣ እኔም የለሁ። አጥፋው።» ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ አንቺ ስደቢው። እኔ ትንፋሼን ከምቆጥር ስድብሽን ብሰማ ይሻላል።»

ጀርባውን ሰጥቶን ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። መበየጃው እስኪግል ማሽኑን አላጠፋውም። አጠፋው፣ ሶኬቱንም ነቀለ። ቤቱ ጭር አለ።

የእህቴን እጅ ያዝኩና ጀመርኩ።

«ሚስት ያጣኸው ለምን ይመስልሃል? ያቺን ቆንጆ ሻይ ጋብዘህ፣ ሻዩ ሳይመጣ ሂሳብ ከፍለህ ተነሳህ! አባትህም እንዳንተው ነበር፤ ምስማሩን ስቶ አውራ ጣቱን ሲመታ ይቅርታ የሚጠይቀው ምስማሩን ነው!»

እህቴ በአፍንጫዋ ሳቀች። ሳቁ ትንፋሽ ይፈጃልና ደነገጥኩ፤ እጇ ግን እጄን ጨመቀው፣ ቀጥይ እንደማለት። ቀጠልኩ። ጭሱ ከትከሻው በላይ ብቅ አለ፤ አንዱ እግር ተያዘ። ጣቶቿ ቀዘቀዙ። ከንፈሯን ላለማየት የልጁን ማጅራት አየሁ፤ በላብ ርሷል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል! ቀስ ብለህ ሥራ!»

ቀስ በል የሚለው አፌ ነው፤ ሆዴ ቶሎ በል እያለ ይጮሃል። ስድብ አልቆብኝ የማያውቅ ሴትዮ፣ ያኔ አንዱን ስድብ ደጋግሜ ስናገር ራሴን ሰማሁት። የእህቴ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አየሩ ግን የሚገባ አይመስልም።

ሁለተኛውም እግር ተያዘ፤ ክዳኑን ገጠመ። ሰካው። ማሽኑ አንዴ ጓጎረና አንኮራፋ።

ልጁ አልዞረም። ጀርባውን እንደሰጠን ግድግዳውን እያየ ቁጭ ብሏል። እኔም ዞር በል ለማለት ድፍረቱን አጣሁ፤ ቱቦውን ብቻ ወደ አፍንጫዋ አስተካከልኩ። ጠበቅን። ጣቶቿ በእጄ ውስጥ ቀስ እያሉ ሞቁ።

እህቴ በሕይወቷ ልጇን ሰድባ አታውቅም። ትንፋሿን ሰብሰብ አድርጋ፦

«ዞር በል፣ አንተ ፈሪ!» አለችው።

ዞረ።